የራሷ ደም

ፈቲሀ የልጇን ፀጉር መጀመሪያ ያየችው ልጇ ራስ ላይ ሳይሆን ሳፋ ውስጥ ነው። ዛህራ ገላዋን ታጥባ የተወችውን ውሃ ልትደፋ ስታዘነብል፣ ከሥሩ አንድ ጥቁር ነገር ተጠቅልሎ አየች። አይጥ መሰላት። በመጥረጊያው እንጨት ስታነሣው ረዘመ፤ ፀጉር ነው። ከአንድ ሰው ራስ በአንድ ጠዋት የሚወርድ አይመስልም።

እዚያው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆማ አሰበች። ዛህራ ቤት ውስጥም ሻሽ ማሰር የጀመረችው መቼ ነው? ሰው ልጁ ቤት ውስጥ ሻሽ ስታስር ቢያይ ጨዋ ሆነች ይላል። ፈቲሀም እንደዚያ ብላ፣ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ፣ ደስ ብሏት ነበር።

ገብታ፣ «ሻሽሽን አውርጂ» አለቻት።

«ምን ሆንሽ እማ፣ ጠዋት በጠዋቱ።»

«አውርጂ ብያለሁ።»

ዛህራ ትንሽ አመነታችና አወረደችው። የግንባሯ ፀጉር ወደ ኋላ ሸሽቶ እስከ ጆሮዋ አናት ደርሷል። የመሃሉም ሳስቷል፤ ክሩ እንዳለቀ ጨርቅ ከሥሩ ቆዳው ያብለጨልጫል። ፈቲሀ እጇን ዘረጋችና መንገድ ላይ መልሳ ሰበሰበችው።

«አየሽ?» አለች ዛህራ። «ደስ አለሽ? ከዓረፋ በኋላ ሠርግ ነው። በሂናው ቀን የሙባሪክ እናት እትዬ ከድጄ እህቶቻቸውን አስከትለው መጥተው የሙሽራዋን ራስ በቅቤ አሽተው ሊሠሩ ነው። ይሄን ነው የሚያሹት? ዱባ ነው የሚመስላቸው።»

«ይበቅላል፤ ፀጉር አይደል እንዴ።»

«እስከ ዓረፋ ካልበቀለ ቀርቷል ብለሽ ለሙባሪክ ቤተሰብ ትነግሪልኛለሽ። እኔ አልነግርም። እነሱ ፊት ግን ራሴን አልገልጥም፣ ወላሂ።»

ዛህራ ስትምል የምትመለስ ልጅ አይደለችም፤ በዚህ አባቷን ነው የወጣችው። ፈቲሀ ግን ያን ሰዓት ስለ ሠርጉ እያሰበች አልነበረም። በልቧ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ደረሰ።

አባትየው ሸረፋ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መተማ፣ ሞያሌ፣ ጅቡቲ ሰንብቶ ይመጣል። በመጨረሻ የመጣው ግን ሰው ደግፎት ነው። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። ለቀስተኛውም አዎ ሳንባ ነው ብሎ ተቀበለ፤ ሲወጣ በር ላይ የተንሾካሾከውን ግን ፈቲሀ ሰምታለች። ያን ጊዜ የዚያ በሽታ ሥዕል በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የከሳ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው። ሸረፋም ሲሞት ፀጉሩ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ ነበር።

ፈቲሀ አልተመረመረችም። አለብሽ ከተባለች ልጇን ማን ያሳድጋል? ካልተመረመረች ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ይሁን እንጂ «ላይኖር» የሚለውን አንድም ቀን አምናው አታውቅም። አለብኝ ብላ ኖረች። ለትዳር የመጣውን ሰው ሁሉ መለሰች። የራሷን ምላጭ ከቁም ሣጥኑ አናት ሰቀለች። በሠፈሩ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ የጤና ሠራተኞቹ «እናቶች፣ ሁላችሁም ተመርመሩ» ሲሉ፣ የሰው ልብስ ይጠብቀኛል ብላ ውልቅ ትላለች።

የምትኖረውም በልብስ ስፌት ነው። ከቡታጅራ ገበያ ጀርባ፣ ቤቷ በረንዳ ላይ፣ መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች፤ ጣቷን መርፌ ሳይወጋት የሚመሽ ቀን የለም። ስለዚህ ሸረፋ ከተቀበረ ወዲህ የልጇን ራስ ነክታ አታውቅም። ዛህራ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች። ሚዶ ይዛ እናቷ ጉልበት ሥር ስትቀመጥ፣ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ሂጂ ዓለምዘውድ ትሥራሽ» ትላታለች። የተወጋ ጣትና የተፋቀ የራስ ቆዳ ከተገናኙ ምን እንደሚሆን ለፈቲሀ ያስረዳት ሰው የለም፤ እሷም አታስረዱኝ ባይ ነበረች።

ዓለምዘውድ ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ለእጇ ጥብቀት የሚስተካከላት በከተማው አልነበረም። «ዓይንሽ ወደ ላይ ካልተሳበ ሹሩባ አይባልም» ትላለች። «የኔ ሥራ ወር ሙሉ አይፈታም። ያመማት ልጅ ካለች ውበት አልተፈጠረላትም።» ዛህራ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ ለዓመታት እዚያ በርጩማ ላይ አደገች።

እንግዲህ ፈቲሀ ያን ሁሉ ተጠንቅቃ ነው የልጇን ፀጉር ሳፋ ውስጥ ያገኘችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቷ።

መጀመሪያ የቤት መድኃኒት ተሞከረ። ጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ በመጨረሻም የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ። ቤቱ በሽንኩርት ከመሽተቱ የተነሣ ልብስ ሊያስለኩ የመጡ ሴቶች፣ «ፈቲሀ፣ ዛሬ እንግዳ አለሽ እንዴ?» ይላሉ። ዛህራም ከጓዳ፣ «እማ፣ በርበሬውን ጨምሪና ቁጭ ይበል፤ ራሴ ላይ ወጥ እንደሆነ ጀምረሻል» ትላለች። ፀጉሩ ግን መውረዱን አልተወም።

ከዚያ ዛህራ ከጓደኛዋ ስልክ ላይ አንድ ነገር አየች። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቡታጅራ የሚመጣ የቆዳ ሐኪም አለ፤ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ያክማል። የተሸበሸበ ፊት ያድሳል፣ ጠባሳ ያጠፋል፣ የሳሳ ፀጉር በደም ያበቅላል። በደም የሚለውን ፈቲሀ አልወደደችውም። ቢሆንም ልጇ ተስፋ ስታደርግ ካየች ቆይታለችና፣ እኔ ቀድሜ ልጠይቅ ብላ ብቻዋን ሄደች።

እንግዳ የምትቀበለው ሳምሪ የምትባል ወጣት ነርስ ናት። ፊቷ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ክሊኒኩ እሷን ለማስታወቂያ ያስቀመጣት ይመስላል።

«ምንም አይፍሩ እናት» አለቻት። «ኬሚካል የለውም። የራሷ ደም ነው። ከሌላ ሰው አይወሰድም። ደሙ በማሽን ይዞርና ከላይ የሚቀረው ብጫ ውሃ ራሷ ላይ በመርፌ ይወጋል።»

«የራሷ ደም» አለች ፈቲሀ።

«አዎ፣ የራሷ። ለዚያ እኮ ነው ሰውነት የማይጠላው። ቀድሞ ንጹሕ መሆኑ ይመረመራል። ቅዳሜ ይምጡ። ቁርስ በልታችሁ ኑ፤ ደም ሲሰጥ ያዞራል።»

ፈቲሀ አመስግና ወጣች። መንገዱን ስትሻገር አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፍቶባት፣ «እናት፣ ቤት ረሱ እንዴ?» ቢላትም አልሰማችም።

የወንድሟ ሚስት በምጥ ደም የፈሰሳት ጊዜ ሆስፒታሉ በር ላይ የተባለውን ታስታውሳለች። «የራሷ ሰው ይምጣ፣ ዘመድ ደም ይስጥ» ነበር ያሉት። ወንድሞቿ ተሰልፈው እጃቸውን ሰጡ። ሐኪም ቤት ያለ ሰው ደም ሲል እንደዚያ ነው፤ ባዳ አይሆንም፣ የራስ ደም ያስፈልጋል። ዛህራ ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ አባቷ አፈር ውስጥ ነው። የራሷ ደም የሚባል ሰው በምድር ላይ አንድ ነው የቀራት።

ማታ እራት ላይ ዛህራ የእናቷን ፊት አይታ፣ «ምን አሉሽ? አይሆንም አሉሽ አይደል?» አለች።

«ይሆናል ብለዋል። ደም ይወሰዳል አሉ።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«አትፈሪም?»

«ምን ያስፈራል? የራሴ ደም ነው እኮ። የሌላ ሰው ቢሆን እኔም እሺ አልልም። ከራስ ደም ክፉ ነገር ይመጣል እንዴ?»

ፈቲሀ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ልጅቷ እንደዚህ ታምናታለች። እምቢ ብትል ምክንያት መናገር ሊኖርባት ነው፤ እሺ ብትል ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ከልጇ ያራቀችውን ነገር በገዛ እጇ፣ በመርፌ፣ ልጇ ራስ ውስጥ ማስገባቷ ነው። ክሊኒኩ ይመረምራል ተብሏል። ይመረምርና በልጇ ፊት፣ በሳምሪ ፊት፣ «ይቺ ሴትዮ» ሊባል ነው። ቡታጅራ ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል።

ስለዚህ ቀድማ ለማወቅ ቆረጠች። ወልቂጤ ጨርቅ ልገዛ ነው ብላ ተነሣች፤ እዚያ የሚያውቃት የለም። ሚኒባሱ ተራራውን ሲወጣ ረዳቱ ሰው በሰው ላይ እየጫነ፣ «ተጠጋጉ፣ ተጠጋጉ፣ ሁላችንም አንድ ደም አይደለን!» ይላል። ሰው ይስቃል። ፈቲሀ ወደ መስኮቱ ዞራ የቸሃን እንሰት ታያለች፤ የምታየውን ግን አታውቀውም። ስትመለስ የሚሆነውን እያሰበች ነው፤ ዛህራን ለማን አደራ እንደምትሰጥ፣ የስፌት መኪናዋን ማን እንደሚገዛው፣ ከፈኗን ማን እንደሚሰፋላት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ይሄኛውን ራሷ ብትጨርሰው ይሻላል አለች።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር በዕድሜ ገፋ ያለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያወረደች ሴት ነበረች።

«ምን አስመጣሽ?»

«ለልጄ ደም ልሰጥ ነው። ንጹሕ መሆኑን ልይ ብዬ።»

«ምን ሆና ነው?»

«ፀጉሯ።»

ሲስተሯ በመነጽሯ አናት ተመለከተቻት። «ለፀጉር ደም?»

«አዲስ ሕክምና ነው።»

«ለኛ ገና አልደረሰንም» አለች ሲስተሯ፤ ጣቷን ይዛ ወጋቻት።

ፈቲሀ ስንት መርፌ የለመደች ሴት፣ ያቺን ስትወጋ ጮኸች። ጠብታዋ ቀይ ነበረች። እንደማንም ሰው ደም ቀይ መሆኗ ገረማት።

ውጭ አግዳሚው ላይ ጠብቂ ተባለች። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስለ ጨጓራቸው ያወሩላታል፤ እሷ አዎ፣ አዎ ትላለች። በሩ ተከፍቶ ስትጠራ ሽማግሌው ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥታ ገባች።

«ነጻ ነሽ» አለች ሲስተሯ።

«ማ?»

«አንቺ ነሻ። ቫይረሱ የለብሽም።»

«በደንብ እዪው።»

«አይቻለሁ።»

«የሌላ ሰው እንዳይሆን።»

«ዛሬ ካንቺ ሌላ የተመረመረ የለም።»

ፈቲሀ ሌላኛውን እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይሄኛውንም ውጊው።»

«እመቤት፣ ሁለቱም እጅ ያንቺ ነው፤ ደሙ አንድ ነው።»

«ግድ የለም፣ ውጊው።»

ሲስተሯ ፊቷን አይታ ወጋቻት። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ።

ሰው እንዲህ ሲባል አልሐምዱሊላህ ብሎ ይደፋል። ፈቲሀም በአፏ አለችው። ከጤና ጣቢያው አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ግን ደስታው አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። የሌለ ነገር ነው ስትጠብቅ የኖረችው። ያ ሁሉ ምላጭ፣ የመለሰቻቸው ሰዎች፣ ሚዶዋን ይዛ ጉልበቷ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ልጅ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተነሣ፤ ከኔ ካልሆነ ልጄን የያዛት ምንድን ነው? ቤቷ እስክትደርስ ካንሰር ነው ብላ ጨርሳ ነበር። ጨርቁንም ረስታ ገባች።

ቅዳሜ ክሊኒኩ ሲደርሱ ዶክተር ግሩም ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። ወጣት ነው፣ ሳቂታ። ፈቲሀ ገና «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ሳትጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እጅጌዋንም እስከ ትከሻዋ ጠቀለለች።

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ እርስዎም ፀጉር ፈለጉ እንዴ?»

«ውሰድ ልጄ፣ ዝግጁ ነኝ። ንጹሕ ነው። አስመርምሬዋለሁ፣ ሁለቱንም እጄን።»

«ምኑን?» አለች ዛህራ።

«ደሜን ነዋ። ወልቂጤ ሄጄ።»

«ጨርቅ ልገዛ ብለሽ አልነበር?»

ሳምሪ በሩ ላይ ቆማ አፏን ያዘች። ዶክተሩ በርከክ ብሎ የፈቲሀን እጅጌ ቀስ አድርጎ አወረደው። «እናቴ፣ ከእርስዎ አይደለም የሚወሰደው። የራሷ ደም ነው ያልነው።»

«እኔስ የራሷ አይደለሁም?»

ዶክተሩ ወደ ዛህራ አመለከተ። «የራሷ ማለት ከራሷ ክንድ፤ ከዛህራ ክንድ» አለ። ፈቲሀ ክንድ፣ ራስ፣ የራሷ እያለች በልቧ ገለባበጠችው። እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ አማርኛ ተምራ ነበር። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ዛህራ ግን አልሳቀችም። «ቫይረስ ነው የተመረመርሽው?» አለች በዝግታ። ፈቲሀ መሬት መሬት አየች። ያ መልስ ነበር።

የዛህራ ደም ተቀዳ። መጀመሪያ ተመረመረ፤ ምንም የለበትም። ከዚያ ብልቃጡ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ስፌት መኪና እየዘመረ ሲዞር፣ ዶክተሩ የዛህራን ራስ በመብራት መረመረ። የግንባሯን ዳር በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«ይሄ በሽታ አይደለም» አለ። «ከመጎተት ነው። ሹሩባሽ እንዴት ነው የሚሠራው፣ በጣም ይጠብቃል?»

«ዓይኔ እስኪሳብ» አለች ዛህራ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ።»

«ቤት ውስጥ የሚሠራሽ ሰው አልነበረም?»

ዛህራ ወደ እናቷ አላየችም። «እማ ራስ አትሠራም» አለች።

ካንሰርም አይደለም፣ ያም በሽታ አይደለም። ፀጉሩን የነቀለው ልጇን ከራሷ ለማዳን የላከችበት ቤት ነው።

ማሽኑ ሲቆም ደሙ ከሁለት ተከፍሏል፤ ከታች ቀይ፣ ከላይ ብጫ። ዶክተሩ ብጫውን በሲሪንጅ ሳበና፣ «ያማል፤ ብዙ ቦታ ነው የምወጋው። እናቴ፣ ጭንቅላቷን ይያዙልኝ፣ እንዳትነቃነቅ» አለ።

ፈቲሀ መጀመሪያ ጣቶቿን አየች። የተወጋ ቦታ ፈለገች፤ ልማድ ነው። ከዚያ የልጇን ራስ ከሁለት በኩል ያዘች። ሞቃት ነበር፤ ከጆሮዋ ኋላ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ እጇ ሳትፈልግ አገኘቻት። መርፌው በገባ ቁጥር ዛህራ ትሸማቀቃለች፤ ፈቲሀም ጠበቅ አድርጋ ትይዛታለች።

ሲያበቃ ፈቲሀ፣ «ለዓረፋ ይደርሳል?» አለች።

«ሐቁን ልንገራችሁ» አለ ዶክተር ግሩም። «እየተመላለሳችሁ ከተወጋች፣ የመሃሉ ከወራት በኋላ ሊወፍር ይችላል። የግንባሩ ዳር ግን ሥሩ ሞቷል፤ እሱን የሚመልስ አይመስለኝም። ለዓረፋ ምንም አይደርስም።»

ባጃጁ ውስጥ መስጊዱን ሲያልፉ ዛህራ ተናገረች።

«አባባ በምን ሞተ?»

«ሳንባ ነው ያሉት።»

«አንቺ ግን አላመንሽም።»

«አላመንኩም።»

«ለዚያ ነው የማትነኪኝ የነበረው?»

ፈቲሀ አዎ አለች። ድምፅዋን ሞተሩ ዋጠው፤ ዛህራ ግን አይታዋለች።

«እኔ ራሴ የሚሸት ይመስለኝ ነበር» አለች ዛህራ። «ለዚያ ነው እናቴ የምትጠየፈኝ ብዬ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በልብስ ሳሙና እታጠብ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል።»

ቤት ደርሰው ዛህራ ክፍሏን ዘጋች። ፈቲሀ በሩ ላይ ሻይ አኑራ ቀዝቅዞ አነሣችው፤ ምሳ አኑራ ቀዝቅዞ አነሣችው። ልጅ እንዲህ ዘግታ ምን እንደምታደርግ ስንት ታሪክ ሰምታለች፤ በቀዳዳ እያየች፣ እስትንፋሷን እያዳመጠች፣ የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ለእትዬ ከድጄ የምትለውንም አዘጋጀች። ቀርቷል። ልጄ ታማለች። አይ፣ ታማለች ካሉማ ወሬው የባሰ ነው። የትኛውም ቃል መጨረሻው አንድ ገደል ሆነባት።

በማግስቱ ከአሱር ሶላት በኋላ በሩ ተከፈተ። ዛህራ ሚዶና ቅቤ ይዛ መጣች፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ መሬት ላይ፣ እናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። ሻሿን አወረደች። መርፌ የገባባቸው ነጥቦች ቀላ ብለው ይታያሉ።

«ዶክተሩ ዛሬ እንዳይነካ ብሏል» አለች ፈቲሀ ደንግጣ።

«ዛሬ እዪው ብቻ፤ ልመጂው። ቅቤው ለሂናው ነው፤ ዋዜማውን አንቺ ትሠሪኛለሽ። እትዬ ከድጄ ሲመጡ ተሠርታ ጠበቀችን ይበሉ።»

«ቅር ይላቸዋል። ወጉ የእነሱ ነው። ምን ደብቀው ነው ይላሉ።»

«ይበሉ።»

«ቀርቷል በያቸው ያልሽኝስ?»

«መጀመሪያ ሥሪኝ፤ ከዚያ በመስታወት አይቼ እነግርሻለሁ።»

ቃሏን ገና አላጠፈችም። ፈቲሀም አልገፋፋቻትም።

የሂናው ዋዜማ ሲደርስ ፈቲሀ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አነሣች። አውራ ጣቷ ላይ የጠዋት መርፌ የተወችው ነጥብ ነበረች። ነጻ ነሽ ብላታለች ሲስተሯ፤ ሁለት ጊዜ። ብትሳሳትስ? ለአፍታ ያን አሰበች። ከዚያ ቅቤውን በመዳፏ አሟሟችና ልጇ ራስ ላይ አኖረችው።

መሥራቱን ረስታዋለች። ከመሃል ያለውን ወስዳ፣ ወደ ግንባሩ ቀስ አድርጋ አምጥታ፣ ባዶውን ዳር ሸፍና ጎነጎነችው። ሹሩባው ጠማማ ሆነ፤ የዓለምዘውድ ደንበኛ ብታየው ትስቃለች።

ዛህራ በእጇ ዳሰሰችው። «ላላ እኮ እማ። ነገ ሳይመጡ ይፈታል።»

«ይፈታ» አለች ፈቲሀ። «ነገም እሠራዋለሁ።»

ዛህራ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። «መስታወቱን አቀብዪኝ» አለች።